ሰማያዊ የተባለው ሱፍ

መለከቱ ሲነፋ ጥቁር ነካሪዋ እጇ እስከ ክርኗ ድረስ ጋን ውስጥ ነበር። ጨርቁን ለመጨረሻ ጊዜ እያገላበጠችው ነው፤ አሁን ትታው ብትሄድ ግማሹ ጠቁሮ ግማሹ ዥጉርጉር ሆኖ ይጠብቃታል። ምርጫው ቀትር ላይ ነው ተብሎ ነበር። የአገረ ገዢው እንደራሴ ግን በዚህ ከተማ ሽታ ውስጥ መዋል ስላልፈለገ ቀትሩን ወደ ረፋድ አመጣው። መለከቱ ሦስቴ ተነፍቶ ያልደረሰ ሰው ድምፁ ይቀርበታል ተብሎ ታውጇል። ስለዚህ ጨርቁን በማማሰያው እንጨት ወደ ታች ደፈቀችው፣ እጇን በሽርጧ አበስ አበስ አደረገች (ሽርጡ ከእጇ የባሰ ጥቁር ነው)፣ ቀሚሷን ሰብስባ ዳገቱን ተያያዘችው።

የምትሮጠው እሷ ብቻ አልነበረችም። ከየግቢው በር ነካሪዎች ብቅ ብቅ ይላሉ፤ እጃቸው ሰማያዊ፣ እጃቸው ቀይ፣ እጃቸው ቢጫ፣ ሁሉም እንደ እሷ ሥራ ላይ የተያዙ ናቸው። አንድ ሽማግሌ ቀይ ነካሪ አንድ ጫማውን አድርጎ ሌላውን በእጁ ይዞ ሲያነክስ ደርሳ አለፈችው። ቀስ በይ ልጄ፣ አለቅነቱ ለሁላችንም አይደርስም አላት። ሳቀች እንጂ አልቆመችም።

ቀለም ነካሪ ሁለት ጌታ አለው፤ ጋኑና ወንዙ። ጋኑ የራሱ ነው። ወንዙ ግን የሁሉም ስለሆነ የማንም አይደለም፣ ስለዚህም አለቃ ያስፈልገዋል። ማን ከላይ ያጥባል፣ ማን ከታች፣ ማን በጠዋት፣ ማን ከሰዓት በኋላ የሚለውን የሚወስነው የነካሪዎች ማኅበር አለቃ ነው። ሰማያዊ ጨርቅ ከላይ ከታጠበ፣ ከታች ያለው ቢጫ ጨርቅ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል። ይህን ለማወቅ ነካሪ መሆን እንኳ አያስፈልግም።

አለቃው ሰማያዊ ነካሪ ነው። ሰማያዊዎቹም ከላይ ያጥባሉ።

አለቃ የሚመረጠው በመቆም ነበር። እጩዎቹ በማኅበሩ ግቢ ውስጥ ተራርቀው ይቆማሉ፣ እያንዳንዱ ነካሪ ከሚፈልገው ሰው ኋላ ይሰለፋል፣ ረጅሙ ሰልፍ ይሾማል። ሰማያዊዎቹ ከሌሎቹ ከእያንዳንዳቸው ይበዛሉ፤ ከሁለቱ ድምር ግን ያንሳሉ። ቀዮቹ ከጮሌው ኋላ ይቆማሉ። ጮሌው ገና ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ፣ ምላሱ ከእጁ የፈጠነ ቀይ ነካሪ ነው። ቢጫዎቹ ከአባ ይሁን ኋላ ይቆማሉ። አባ ይሁን ቢጫ ነካሪ ሽማግሌ ሲሆኑ፣ ስማቸው የወጣላቸው ከሰው ጋር ሲከራከሩ ኖረው በመጨረሻ «ይሁን» ስለሚሉ ነው። በየምርጫው ዋዜማ ቀዮቹና ቢጫዎቹ አንድ ሰው እናቅርብ ብለው ይሰበሰባሉ፤ ቀዮቹ ሽማግሌው ይተውት ይላሉ፣ ቢጫዎቹ ልጁ ይተወው ይላሉ፣ ተጣልተው ይበተናሉ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ከግማሽ በላይ የሆነው ሰው አለቃው ብቻ አይሁን እያለ፣ ሁልጊዜ እሱ ይሆናል።

ነገሩን የለወጠው ፍትሕ የጠማው ሰው አልነበረም። ቢጫ ብሎ የገዛው ጨርቅ ሩቅ ገበያ ላይ ሲፈታ አረንጓዴ ሆኖ ያገኘው ሲራራ ነጋዴ ነው። አገረ ገዢው ዘንድ ቀርቦ ከሰሰ፤ አገረ ገዢውም የነካሪዎች ክስ መስማት ከሰለቸው ቆይቷል። ነጋዴው በዚያው አፉ የእሱ ሰዎች የጉዞ መሪ እንዴት እንደሚመርጡ ተናገረ። ለእያንዳንዱ እጩ አንድ ዕቃ ይቀመጣል። እያንዳንዱ መንገደኛ ከኋላው ልሄድ እችላለሁ ለሚለው ሰው ሁሉ አንዳንድ ጠጠር ይጥላል። ለአንድም ይሁን፣ ለሁለትም ይሁን፣ ለሁሉም ይሁን፣ ማንም አይከለክለውም። ብዙ ጠጠር ያገኘ ይመራል። በረሃ ላይ የሚያዋጣው አንዳንዶች የሚሞቱለት ሰው ሳይሆን ብዙዎች እምቢ የማይሉት ሰው ነው አለ።

አገረ ገዢው ወደደው። ነካሪዎቹ ተገረሙ፣ ቀለዱ፤ «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ሕግ ሆነ እንዴ ተባባሉ። አለቃው ራሱ አልተቃወመም። ሰው ለሁለትና ለሦስት መስጠት ከቻለ፣ ለሚወደው አንድ ጥሎ፣ ለአለቃው ደግሞ በፍርሃት አንድ ይጨምራል ብሎ አሰበ። ስሌቱ ሞኝነት አልነበረም። አንድ ነገር ብቻ ይጎድለው ነበር፤ መጋረጃው።

መጋረጃውን ያመጡት ቢጫዎቹ ናቸው። ማን ለማን እንደጣለ ከታየ ከመቆሙ በምን ይለያል አሉና እንደራሴው ተስማማ። ከዚያ በኋላ ምስጢር መጠበቅ የሁሉም ጨዋታ ሆነ፤ አንዱ ሌላው ያላሰበውን ቀዳዳ ካላገኘ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። አፋቸው ጠባብ፣ ሆዳቸው ሰፊ የሆኑ እንስራዎች ተመረጡ። ጠጠር ሲወድቅ ድምፅ ስላለው፣ ከመጋረጃው ውጭ ጆሮውን ያቆመ ሰው የትኛው እንስራ ውስጥ እንደወደቀ ያውቃል ተባለ። ስለዚህ በጠጠር ፈንታ የሱፍ እንክብል ይሁን ተባለ። የበጎቹ ፀጉር እንዳይለያይ ሁሉም ከአንዲት ነጭ በግ ተሸለተ። እንክብሎቹ እኩል መሆናቸውን ሽማግሌዎች አንድ በአንድ እየዳበሱ አረጋገጡ።

አንድም ሰው እጁን አላየም። ነካሪ የገዛ እጁን አያይም። የተወለደበት ቤት በር ላይ፣ በልጁ ግንባር ላይ፣ በሚቆርሰው ዳቦ ላይ ቀለሙን ሲተው ኖሯል፤ ለእሱ ያ ቀለም ሳይሆን እጅ ነው። ለጆሮ ይህን ያህል የተጠነቀቁት ሰዎች ዓይንን ረሱ።

እንደራሴው አንድ አንቀጽ ጨመረ። ድምፅ እንዳይሸጥ፣ እንክብሉ ላይ ምልክት አድርጎ የኔ መሆኑን እዩልኝ የሚል እንዳይኖር፣ እንዲህ ሲል አወጀ፦ በእንስራ ውስጥ ምልክት ያለው እንክብል ተገኝቶ የማን መሆኑ ከታወቀ ምርጫው ይፈርሳል፣ እንደ ቀድሞው በመቆም ይሆናል፤ የእንክብሉ ባለቤት ማጠቢያ ቦታውን ያጣል። አቤቱታውን ማቅረብ የሚችሉት ለአለቅነት የቀረቡት ሦስቱ ብቻ ናቸው። ማጠቢያ ቦታ የሌለው ነካሪ ደግሞ ጋኑን ገልብጦ መቀመጫ ቢያደርገው ይሻለዋል።

ጥቁር ነካሪዋ ይህን ሁሉ ሰምታለች። ጥቁር የምትነክረው በከተማው እሷ ብቻ ናት። የአለቃውም ታናሽ እህት ናት።

ባሏ የሞተ ጊዜ ማኅበሩ ሴት ጋን አትይዝም፣ ድምፅም የላትም ብሎ ነበር። ወንድሟ ግቢው መሀል ቆሞ፣ ባሏ ነው የሞተው፣ እኔ አልሞትኩም አለ። ሌላ ክርክር አላቀረበም። ጋኑ ቀረላት፣ ድምፁም ተሰጣት። ከዚያ ወዲህ በምርጫ ቀን ከእሱ ኋላ፣ ከሰልፉ መጀመሪያ ላይ ትቆማለች፤ እሱም ዞር ብሎ ያያትና ጢሙን ይነካል።

በወንድሟ አለቅነት የተጎዳች አልነበረችም። እንዲያውም ተጠቅማለች። የተበላሸ ጨርቅ ሁሉ መጨረሻው ጥቁር ነው፤ ቢጫው አረንጓዴ ሲሆን፣ ቀዩ ሲዥጎረጎር፣ ባለቤቱ ተሸክሞት ወደ ታች ወደ እሷ ይወርዳል። ከላይ በተጣሉ ቁጥር ጋኗ ይሞላል። ትናንት አመሻሽ ላይ ወንድሟ ደጃፏ መጥቶ ይህንኑ አስታወሳት። አንድ ለኔ ጣይ፣ የቀረውን ከትርፍ መጣያው ቅርጫት ክተቺው አላት። እሺ ጋሼ አለችው። ያን ሲላት መጠየቁ ራሱ አስገረማት፤ ጠይቋት አያውቅም ነበር።

ያልነገረችው አንድ ነገር አለ። በዚያው ሳምንት ቢጫ ነካሪዋ ጎረቤቷ ጨርቅ ይዛላት መጥታ ነበር። ከዚህ በፊትም መጥታለች፤ ያን ጊዜ ታለቅሳለች፣ አለቃውን ትረግማለች፣ ጥቁር ነካሪዋም ወንድሜን በፊቴ አትርገሚው ትላታለች፣ ይኳረፋሉ፣ ይታረቃሉ። በዚህ ሳምንት ግን አላለቀሰችም። ጨርቁን አስቀምጣ፣ ጋኖቻችንን የሚገዛ ሰው ታውቂያለሽ ወይ አለች፣ ስለ ሌላ ሰው ንብረት እንደምታወራ። ጥቁር ነካሪዋ ያን ቀን ሥራ አልሠራችም። ተናደደችም አፈረችም፤ በማን እንደሆነ ለራሷም ግልጽ አልነበረም።

ሁለተኛው መለከት ሲነፋ ከግቢው ደረሰች።

ግቢው ጢም ብሏል። እንደራሴው ከድንኳን ጥላ ሥር አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ተቀምጧል። ሦስቱ እጩዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ናቸው፤ አለቃው ከመሀል፣ የአለቅነቱ ማኅተም እንዳንጠለጠለ። ሰዎቹ ተራ በተራ ስማቸው እየተጠራ ከእንደራሴው ጸሐፊ ሦስት ሦስት ነጭ እንክብል ይቀበላሉ፣ ከመጋረጃው ኋላ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። አንዳንዱ ሲወጣ ላቡን ይጠርጋል። የአለቃው ምክትል ከመጋረጃው መውጫ ላይ ቆሞ የሰዉን ፊት ያጠና ነበር፤ ከፊት የሚነበብ ነገር ካለ ይነበብልኛል ብሎ። አንድ ሰማያዊ ነካሪ ሲወጣ፣ ወዳጄ፣ ፊቴን በነፃ አታየኝም አለው፤ ሰው ሳቀ።

የእሷ ተራ ደረሰ። ከመጋረጃው ኋላ ሦስቱ እንስራዎች ተደርድረዋል፣ አንገታቸው ላይ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ቢጫ ክር ታስሮባቸዋል፤ ዳር ላይ የተረፈውን የሚጥሉበት ቅርጫት አለ። እንክብሎቹን በቀኝ እጇ ጨብጣ ቆመች። በመቆም ሲመረጥ እንዲህ ብቻዋን ቆማ አታውቅም። ያኔ ጥያቄው ከማን ወገን ነሽ የሚል ነበር፤ መልሱም ከእሷ በፊት የታወቀ። አሁን ግን የተጠየቀችው ሌላ ነው፤ ይህ ሰው አለቃ ቢሆን ትችይዋለሽ?

አንዷን እንክብል አውጥታ ባለቢጫ ክሩ እንስራ ውስጥ ጣለች። ይህ አልከበዳትም፤ አባ ይሁንን የሚጠላ ሰው የለም። በጮሌው ላይ ብዙ አልቆመችም፤ እሱ ደግሞ ከሾሙት አገሩን በወሬ ያጥባል ብላ ተወችው። ከዚያ ወደ ሰማያዊው ክር ዞረች። እዚያ ቆየች። ለእሱም አንድ መጣል ትችላለች፤ ሕጉ ይፈቅዳል፤ ለሁለቱም ብትጥል ማንም ምንም አይላትም፣ እሷም ለወንድሟ የገባችውን ቃል ግማሹን ጠበቀች ማለት ነው። እንክብሏን ከእንስራው አፍ ላይ አድርጋ ያዘቻት። ሞገሱን፣ ቁጣውን፣ የባሏ ቀብር ቀን ትከሻዋን የያዘበትን እጅ አሰበች። ከዚያ ጎረቤቷን አሰበች። ትችይዋለሽ የሚለውን ጥያቄ ለራሷ ደገመችው። መልሱ አልችለውም ነበር።

የቀሩትን ሁለቱን ቅርጫቱ ውስጥ ጥላ ወጣች። ወንድሟ ከአግዳሚው ላይ አያትና ጢሙን ነካ።

ሦስተኛው መለከት ተነፋ፣ ሁሉም ጣለ፣ መጋረጃው ተነሣ። መሬት ላይ ሰፊ ነጭ አቡጀዲ ተነጠፈ። ሁለት ወታደሮች ባለሰማያዊ ክሩን እንስራ አምጥተው ገለበጡት።

የወጣው ሱፍ ነጭ አልነበረም። ሰማያዊ ነበር፤ አንዳንዱ ጫፉ ብቻ፣ አንዳንዱ እስከ ልቡ፣ ከመሀሉ ጥቂት ቢጫና ቀይ። እንደራሴው መሐረቡን ከአፍንጫው ላይ አውርዶ ይህ ምንድነው ሲል ጠየቀ። ከዚያ ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ፣ አንድ ላይ፣ ቀስ ብሎ፣ የገዛ እጁን አየ። ሽማግሌው ቀይ ነካሪ መዳፉን ገልብጦ፣ እኔ ነኝ ለካ አለ።

እንደራሴው ሕግ አዋቂ ነውና ከሁሉ ቀድሞ ተረጋጋ። ቀለም የብዙ ሰው ስለሆነ የአንድ ሰው ምልክት አይባልም፣ ይቆጠር አለ። ተቆጠረ። ለአለቃው የጣሉት ከግማሽ ትንሽ ያንሳሉ፤ ይኸውም ሰማያዊዎቹና የፈሩት ጥቂቶች። የጮሌው እንስራ ተገለበጠ፤ ቀይ በቀይ ሆኖ መሀል መሀሉን ቢጫ ጣል ጣል ያለበት፣ ከአለቃውም ያነሰ ነው። ጮሌው ይህን ሲያይ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ።

የአባ ይሁን እንስራ ሲገለበጥ አቡጀዲው ላይ የአበባ መስክ የፈሰሰ መሰለ። ቢጫው ይጠበቅ ነበር። ቀዩም፣ ጮሌውን ቢያሳዝንም፣ ይገመት ነበር። ያልተጠበቀው ሰማያዊው ነው። ለአለቃው ከጣሉት ሰማያዊዎች ብዙዎቹ ለሽማግሌውም ጥለዋል። አለቃውን አልከዱትም፤ እሱ ባይሆን ደግሞ ይኸኛው ቢሆን አንሞትም ነው ያሉት። መቆም ይህን ለማለት መንገድ አልነበረውም። ድምሩ ቶሎ ታወቀ። አባ ይሁን በሰፊው በልጠዋል።

አለቃው ግን ድምሩን አልሰማም። አንድ ነገር እያየ ነበር። ከቢጫው፣ ከቀዩና ከሰማያዊው መሀል አንዲት ጥቁር እንክብል አለች። ጫፏ ብቻ አይደለም የጠቆረው፤ ረጅም ጊዜ እርጥብ እጅ ውስጥ ተጨብጣ የቆየች ይመስል እስከ ልቧ ጠቁራለች። ወዲያው ወደ ራሱ ክምር ዞሮ በዓይኑ ፈለገ። እዚያ ጥቁር አልነበረም።

ምክትሉ ጎንበስ ብሎ በጆሮው ተናገረ። የሚለው ግልጽ ነበር፤ አጠገባቸው የቆሙት ሁሉ ሰምተውታል። ሰማያዊ የብዙ ሰው ነው፣ ቀይ የብዙ ሰው ነው፣ ጥቁር ግን የአንድ ሰው ነው። አንድ ቃል ብቻ ተናገር፣ ምርጫው ይፈርሳል፣ እንቆማለን፣ እንደ ድሮው ታሸንፋለህ። የእህቱን ስም አልጠራም፤ አያስፈልግም ነበርና። እሷ ከሴቶቹ መሀል ቆማ እጆቿን ሽርጧ ውስጥ ሸሽጋለች። አሁን ነው መሸሸግ። የፈራችው ለማጠቢያ ቦታዋ ብቻ አልነበረም። ወንድሟ በአደባባይ ጣቱን ወደ እሷ ሲዘረጋ ማየቱን ነው የፈራችው።

እንደራሴው አየ። የተማረ ሰው ነው፣ የነካሪ እጅ ባይኖረውም ዓይን አለው። እንክብሏን በሁለት ጣቱ አንሥቶ፣ «አለቃ፣ ይቺ ለብቻዋ ናት። አቤቱታ አለህ?» አለ።

አለቃው ተነሣ። ሄዶ እንክብሏን ተቀበለው፣ ወደ ብርሃኑ አቀረባት፣ አገላበጣት፣ አሸተታት። በቀለም ላይ የዚህ ሰው ቃል በዳኛ ፊት ማስረጃ ነበር፤ የሁለት ጋን ሰማያዊ ጎን ለጎን ቢያስቀምጡለት የትኛው በጠዋት የትኛው በማታ እንደተነከረ ይናገራል። በሌላ ነገር ሁሉ ሲዋሽ የሰሙት አሉ። በቀለም ዋሽቶ ግን አያውቅም።

«ሰማያዊ ናት» አለ።

እንደራሴው ጠበቀው።

«ሰማያዊ ጋን ውስጥ ተመላልሶ የገባ እጅ እንዲህ ይጠቁራል» አለ አለቃው። «እንዲህ ያለ እጅ በኛ ሰፈር ብዙ ነው። የማን እንደሆነች አላውቅም። አቤቱታ የለኝም።»

ምክትሉ አፉን ከፍቶ መልሶ ገጠመው። ጮሌው እንኳ፣ ጥቁርን ከሰማያዊ ሳይለይ የተወለደ ሰው በዚያ ግቢ ውስጥ እንደሌለ ቢያውቅም፣ በአለቃው ከመገዛት በሽማግሌው መገዛት ይሻለዋልና መሬት መሬት አየ። እንደራሴው ወደ አባ ይሁን ዞሮ የእርስዎስ ሐሳብ አለ። ሽማግሌው እንክብሏን አዩ፣ አለቃውን አዩ፣ በመጨረሻም «ይሁን» አሉ። ማኅተሙ ከአንድ አንገት ወጥቶ በሌላ አንገት ላይ ተንጠለጠለ።

ከተማው ያን ቀን ሥራ ፈትቶ ሲያወራ ዋለ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ ይኸኛው በልቷልና ምን ይቆጨዋል ያሉ ነበሩ። የወደቀ ግንድ ምሣር ይበዛበታል። ስለ እንክብሏም ሰው ሁለት ሆነ። አንዳንዱ፣ ክፉ ቢሆንም የእናቱን ልጅ አላዋረደም፣ ለእሷ ሲል ዋሸ አለ። ሌላው ደግሞ፣ የገዛ እህቱ እንዳልመረጠችው በመለከት ከሚነገርበት ሥልጣኑ ቢቀርበት መርጦ ነው አለ። እኔ ሁለቱም እውነት ይመስሉኛል። ሰው አንድ ነገር ሲያደርግ አንድ ምክንያት ብቻ ይኖረዋል ያለው ማነው?

ከሰዓት በኋላ አባ ይሁን የመጀመሪያ ትእዛዛቸውን ሰጡ። ቢጫ ከላይ ያጥባል፣ ቀጥሎ ቀይ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ፣ ከሁሉ በታች እንደ ድሮው ጥቁር። ከእንግዲህ ወደ ጥቁር ጋን የሚወርድ የተበላሸ ጨርቅ እንደማይበዛ የገባው ሰው ብዙ አልነበረም። ለእሷ ግን ወዲያው ነው የገባት። ከዚያ ወደ ወንድሟ ቤት ሄደች።

የወንድሟ ሚስት በሩን ገርበብ አድርጋ ከፍታ፣ የለም አለቻት። ጫማው ደጃፉ ላይ ነበር። ጥቁር ነካሪዋ ጫማውን አየች፣ የወንድሟን ሚስት አየች፣ እሺ እትዬ ብላ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ከውስጥ የሚያስል ሰው ተሰማ። ሚስቲቱ ተሸንፋ ገባች፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እሱ ራሱ ወጥቶ የበሩን መቃን ተደግፎ ቆመ። አንገቱ ባዶ ሆኖ አይታው ስለማታውቅ ያረጀ መሰላት።

«ከነገ ጀምሮ ወንዙ ላይ ጎረቤትሽ ነኝ» አላት። «እንዳታናግሪኝ።»

«እሺ ጋሼ።»

መንገዱ ላይ ሰው ያልፋል፤ ሁሉም ሰላምታ ይሰጣል፣ ግን እንደ ድሮው ጎንበስ አይልም። እሱ ይህን ልብ እያለ እንደነበር አየችው፣ አዘነችለትም።

«ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አለ በመጨረሻ። «ትናንት ደጃፍሽ መጥቼ እኮ ነበር።»

«ብነግርህ ወንዙን ለቢጫዎቹ ትለቅላቸው ነበር?»

አሰበበት። በቁም ነገር ነው ያሰበበት።

«አልለቅም ነበር» አለ።

ግን አልጨረሰም፤ ዓይኑ ከመንገዱ ወደ እሷ እጆች ወረደ፣ እነሱም ጉልበቷ ላይ በግልጽ ተቀምጠዋል።

«ለሽማግሌው መጣልሽን አልጠላም» አለ። ድምፁ ዝቅ አለ። «የገዛ ሰዎቼም ጥለውለታል። ግን እነሱ ለኔም አንድ ጥለዋል። ሕጉ ለሁለትም ይፈቅድ ነበር እኮ፣ እህቴ። የኔን ክምር ሁለቴ ፈለግሁት። አንዲት እንኳ?»

ቀና ብላ አየችው።

«ማንን ትወጃለሽ ብለውኝ ቢሆን» አለች፣ «ሦስቱንም ያንተው ውስጥ እከተው ነበር፣ ጋሼ። እነሱ ግን እሱን አልጠየቁኝም።»

አለቃ የነበረው ሰው ከበሩ ላይ ገለል ብሎ መግቢያውን ለቀቀላት፣ እሷም ጫማዋን አውልቃ ከጫማው አጠገብ አስቀመጠችና ገባች።